«ቴክን»ን ድጋሚ ያያችሁ፦ ሌሎቹ ልጆች የት ደረሱ?

የማታ_ተመልካች፦
ሰላም ጓዶች። ሰሞኑን «ቴክን» (Taken) የሚባለውን ፊልም እንደገና አየሁት። ድሮ እንደወጣ ሰሞን ሲዲ ተከራይተን፣ የሰፈር ልጆች ተሰብስበን ነበር ያየነው። አክተሩ ስልኩን ይዞ ሲዝት ቤቱ በፉጨት ተናጋ። አሁን ያየሁት ግን ከባለቤቴ ጋር ነው። ፊልሙ አልቆ ስሞቹ ሲወርዱ «እሺ፣ የተጠለፉት ሌሎቹ ልጆችስ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ላላያችሁት ባጭሩ። ብራያን ሚልስ (ሊያም ኒሰን) ከሲአይኤ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ፈትታው ሀብታም አግብታለች። ልጁ ኪም ከጓደኛዋ ከአማንዳ ጋር ፓሪስ ትሄዳለች። ኤርፖርት ላይ ፒተር የሚባል መልከ መልካም ልጅ ታክሲ እንጋራ ይላቸዋል። የሚያርፉበትን ቤት ያያል። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ይመጣሉ። ሴት ልጆችን ጠልፈው፣ ዕፅ እየወጉ ለወሲብ ንግድ የሚሸጡ የአልባኒያ ወንበዴዎች ናቸው። የድሮ የሥራ ጓደኞቹ ለአባትየው ልጅህን ለማግኘት 96 ሰዓት ብቻ ነው ያለህ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ውስጥ ጤነኛ በር አይተርፍም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ፊልሙ ስለ ሰው ንግድ ነው የሚያወራው ወይስ የሰው ንግዱ ለድብድቡ ሰበብ ነው? መጨረሻውን እናበላሻለን ብላችሁ አትፍሩ፣ ያረጀ ፊልም ነው።

ሰንጋተራ_ሲኒማ፦
ሰበብ ነው። ምን ችግር አለው? አክሽን ፊልም ነው እኮ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት አይደለም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ፊልሙ የወጣበት 25 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለሆሊውድ አክሽን ይሄ የሻይ ነው። የሠሩት ደግሞ ፈረንሳዮች ናቸው። በፈረንጆቹ 2008 እዚያው ወጥቶ፣ አሜሪካ ሲኒማ የደረሰው በ2009 መጀመሪያ ነው። ከ220 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ሊያም ኒሰን ራሱ በቀጥታ ዲቪዲ ላይ ወጥቶ የሚረሳ ፊልም መስሎት እንደነበር ተናግሯል። ሰውየው ያኔ ከሃምሳ አልፎ ነበር። ከዚያ በፊት ማን ነው በድብድብ የሚያውቀው?

ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የእኛ ፊልም ፍቅረኛሞች ካፌ ተቀጣጥረው ማኪያቶ እስኪመጣላቸው ያን ያህል ይፈጃሉ።

ኤዲተሯ፦
ማኪያቶው ላይ ሳልስቅ አላለፍኩም። የምሠራው ኤዲቲንግ ነው፤ ስለዚህ ከእጅ ሥራው ልጀምር።

የስልኩ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ ካለው ሁሉ ይበልጣል። ሁሉም የሚያስታውሰው ዛቻውን ነው፤ እኔ የምወደው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ልጅቷ አልጋ ስር ተደብቃለች። አባትየው በስልክ «አይዞሽ፣ አይገቡም» አይላትም። ይወስዱሻል ይላታል። ሲወስዱሽ ያየሽውን ሁሉ ጮኸሽ ንገሪኝ፣ ቁመት፣ ፀጉር፣ ንቅሳት ይላታል። ካሜራው ፊቱ ላይ ነው። ጥይት የለም፣ ፍንዳታ የለም። ስልክ፣ ድምፅ መቅጃና አንድ ፊት ብቻ ነው። በጀት የሌለው ሰው ሊማርበት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ዳይሬክተሩ ፒየር ሞሬል ከካሜራ ሥራ የመጣ ሰው ስለሆነ የት መቆም እንዳለበት ያውቃል።

ድብድቡ ደግሞ በአቆራረጥ የተሠራ ነው። ክንድ፣ አንገት፣ ግድግዳ፣ አለቀ። ተዋናዩ ወጣት አለመሆኑን እንዳታዩ ነው። ብልጠት ነው፣ አልነቅፍም።

ግን ወደ ጥያቄው ስመጣ ባለቤትህ ልክ ናት። ግንባታ ቦታው ላይ ያለውን ትዕይንት ድጋሚ እዩት። ብራያን መጋረጃ እየገለጠ ያልፋል። ከየመጋረጃው ኋላ አንድ ሴት አለች። ካሜራው ፊታቸው ላይ የሚቆየው «ኪም ናት ወይስ አይደለችም?» እስኪል ብቻ ነው። አንዷ የኪምን ጃኬት ይዛ ተገኘች። እሷን አወጣት። ለምን? ጃኬቱን ማን እንደሰጣት ለማወቅ። ግሉኮስ ሰክቶ አነቃት፣ ጠየቃት፣ ልጆቹ ስለሚታጎሩበት ቤት ነገረችው። ከዚያ ከፊልሙ ወጣች። በጨረታ የሚሸጡበት ቤት ያሉት ልጆች ደግሞ ይባስ፤ እነሱ እስከ መጨረሻው ጌጥ ናቸው። እኔ ብሆን ከዚያች ልጅ ላይ አስር ሰከንድ አልነፍግም ነበር። አስር ሰከንድ ብር አያስወጣም።

ፀሐይ_ከቤይሩት፦
ቤይሩት ኖሬ የተመለስኩ ነኝ። ፊልሙን ያየሁትም እዚያው በማዳም ቴሌቪዥን፣ በዐረብኛ ጽሑፍ ነው። ብታምኑም ባታምኑም ስቄያለሁ።

ማን ነው በር ሰብሮ ገብቶ ከአልጋ ስር እግር የሚጎትተው? እኔን የወሰደችኝ ሰው ቤታችን ቡና ጠጥታ ነው የሄደችው። የእናቴ ጓደኛ ዘመድ ናት። ፎቶ አስነሳችኝ፣ ፓስፖርት አስወጣችልኝ፣ ኤርፖርት ድረስ ሸኘችኝ። እናቴ እንዲያውም ጋቢ ሰጥታታለች። ጭምብል የለ፣ ሽጉጥ የለ።

እኔ የሠራሁት የቤት ሥራ ነው። ደመወዜን ተከለከልኩ እንጂ የከፋ ነገር አልደረሰብኝም። አብራኝ የነበረች ልጅ ግን ከማዳሟ ጠፍታ ወጣች። ፓስፖርቷ ማዳም ጋ ነው። ወረቀት የላትም፣ ፖሊስ ካገኛት የምትታሰረው እሷ ናት። አንድ ሐበሻ፣ አዎ የኛው ሰው፣ ማደሪያ ሰጣት። እየቆየ የቤት ኪራይ አለ፣ የምግብ አለ፣ «ስደብቅሽ የከፈልኩት» አለ። ዕዳውን በምን እንዳስከፈላት አልዘረዝርም፣ ገብቷችኋል። በሩ አይቆለፍም ነበር። ለምን ይቆልፈዋል? የት ትሄዳለች?

በ2020 ሊባኖስ ኢኮኖሚው ሲወድቅ ቀጣሪዎች ልጆቹን ከነሻንጣቸው ቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ በዜና አይታችኋል። እዚያ ደጅ ላይ መጀመሪያ የሚደርሰው አክተር አይደለም። «እህቴ፣ ማደሪያ አለኝ» የሚል ሰው ነው።

ጥቁር_መነጽር፦
ነገር አታብዙ። አማንዳ የማታውቀውን ሰው ቤቷን ባታሳይ ምንም አይፈጠርም ነበር። ሴቶች ይጠንቀቁ ነው መልእክቱ። አለቀ።

ፀሐይ_ከቤይሩት፦
አንተ ታክሲ ተጋርተህ አታውቅም? ወይስ አንተ ስትጋራ ጨዋነት ነው?

ፊልሙም እንደ አንተ ነው የሚያስበው፣ ደስ ይበልህ። ፒተር ጋ ልውጣ ያለችው አማንዳ በዕፅ ሞታ ትገኛለች። ፈሪዋና ጨዋዋ ኪም ትተርፋለች። ልክ እንደ ሰፈር አሮጊት ምክር ነው የተጻፈው። አማንዳ እኮ እናት አላት። ያቺ እናት ፊልሙ ላይ አንዴም አትታይም።

አወያይ፦
ጥቁር_መነጽር፣ ስለ ፊልሙ የፈለግከውን በል። የተጎዳን ሰው መውቀስ ግን እዚህ ቤት አይሠራም። ሁለተኛው መልእክትህ ተነሥቷል።

የሕግ_ተማሪ፦
ፀሐይ የጻፍሽው ነገር ሕጉም ውስጥ አለ። በፈረንጆቹ 2000 የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት የሰው ንግድ ስምምነት ላይ፣ ጠለፋ ከብዙ መንገዶች አንዱ ነው። ማታለል፣ ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም፣ የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ ከጠለፋ እኩል ተዘርዝረዋል። እነዚህ መንገዶች ካሉ «እሷ እሺ ብላ ነው» የሚል መከላከያ አይሠራም። ሕፃን ከሆነች ደግሞ መንገዱን ማስረዳት ራሱ አያስፈልግም። የእኛም አዋጅ 1178/2012 የወጣው ይሄንኑ ወንጀል ለመከላከልና ለመቅጣት ነው። ስለዚህ በሩ ያልተቆለፈበት ቤት ሕጉ ፊት ከፓሪሱ ምድር ቤት አይለይም። የሚለየው ማስረጃው ላይ ነው። ያልተቆለፈ በር ፎቶ ቢነሳ ምን ያሳያል?

ቁጥር ለምትወዱ፦ የዓለም ሥራ ድርጅትና አጋሮቹ በ2022 ባወጡት ግምት በግዳጅ ወሲብ ንግድ ውስጥ 6.3 ሚሊዮን ሰው አለ። ግዳጅ ሥራ በጠቅላላው 27.6 ሚሊዮን ነው። የፊልሙ ዓይነት ሥራ፣ ሀብታም ቱሪስት ከቤቷ በኃይል መውሰድ፣ ለወንጀለኛው ራሱ ኪሳራ ነው። ኤምባሲ ይነሳል፣ ጋዜጣ ይጮኻል። ነጋዴው የሚፈልገው ማንም የማይፈልጋትን ልጅ ነው።

ዲሲ_ሹፌር፦
እኔ ሜሪላንድ ነኝ። እዚሁ አካባቢያችን አንድ ጉድ ነበር፣ ስሙኝ። ዊሊያም ሂላር የሚባል ሽማግሌ «ፊልሙ በእኔ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው» እያለ ይዞር ነበር። የልዩ ኃይል ኮሎኔል ነኝ ይላል። ልጄን ለወሲብ ንግድ ጠለፉብኝ ይላል። ለፖሊሶች ሥልጠና ይሰጥ ነበር፣ ኮሌጅ ያስተምር ነበር፣ ብር ይከፈለው ነበር። ሲጣራ ድሮ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተጠባባቂ ሆኖ አገልግሏል እንጂ የልዩ ኃይል ደጃፍ አልረገጠም። በፈረንጆቹ 2011 በማጭበርበር 21 ወር ተፈረደበት።

የሚያስገርመኝ ውሸታም መኖሩ አይደለም። ፖሊሶች አምነውት መማራቸው ነው። የሰው ንግድን እንዴት እንደሚይዙ ከፊልም ተማሩ ማለት እኮ ነው። የምርመራው ሰው ጭምብል የለበሰ ሲፈልግ፣ የፀሐይ ጓደኛ አጠገቡ ታልፋለች።

ሐበሻ_በሮም፦
ስለ አልባኒያዎቹም አንድ ነገር። እዚህ ሥራ ቦታ አብረውኝ ያሉ አልባኒያዎች ይሄን ፊልም ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል። ክፉዎቹ የመጡበት ትሮፖያ እውነተኛ ቦታ ነው፣ ሰሜን አልባኒያ ተራራ ላይ ነው። የአገሩ ልጅ ባስተዋወቀ ቁጥር በቴክን ይቀለድበታል። በኋላ ራሳቸው ቀልዱን ገልብጠው በዚሁ ፊልም ስም የቱሪዝም ዘመቻ ሠሩ፣ ሊያም ኒሰንን ኑና ጎብኙን አሉት። ጎበዞች ናቸው። እኛ ሐበሾችም በየፊልሙ እንደ ረሀብተኛ ስንሣል ስለምንናደድ ይሄ ሊገባን ይገባል።

ሰንጋተራ_ሲኒማ፦
ቆይ ግን ይሄ ትንሽ ፍርደ ገምድል ነው። ፊልሙ ክፉዎቹን አልባኒያ ብቻ አላደረገም። ጨረታውን የሚያካሂደው ሴንት-ክሌር አልባኒያዊ አይደለም። መርከቡ ላይ ያለው ገዢ ሼክ ነው። ከሁሉም በላይ ዣን-ክሎድን ረሳችሁት!

የእራት ጠረጴዛውን አስታውሱ። የብራያን የድሮ ጓደኛ፣ የፈረንሳይ መንግሥት ሰው፣ አሁን ቢሮ ተቀምጦ ፖስታ የሚቀበል። ልጆቹን አስተኝቶ፣ ሚስቱ ምግብ እያቀረበች ሁለቱ ወንዶች በፈገግታ ይተናነቃሉ። ይሄ ሰው ማንንም አልጠለፈም። ዓይኑን ብቻ ነው የጨፈነው። ለእኔ የፊልሙ እውነተኛ ክፉ እሱ ነው።

ኤዲተሯ፦
በዚህ ተስማምቼልሃለሁ፤ የተጻፈውም በደንብ ነው። ግን እንዴት እንደተፈታ ተመልከት። ብራያን የሰውየውን ሚስት ክንዷ ላይ ተኮሰ። ምንም የማታውቅ፣ እራት ያቀረበችለት ሴት። ተመልካቹ ይስቃል፣ እኔም ያኔ ስቄያለሁ። ሴት ለማዳን በሚሮጥ ፊልም ውስጥ ሌላ ሴት መረጃ ማውጫ ሆነች።

ከአልባኒያ ወንበዴዎቹ አንዱን፣ ማርኮን፣ በኤሌክትሪክ ሲያሰቃየውም እንደዚያው ነው። የሚፈልገውን ስም ካገኘ በኋላ ማብሪያውን ሳያጠፋ ወጣ። አሜሪካ ሲኒማ የገባው ቅጂ ለወጣቶች እንዲፈቀድ ተቀንሷል፣ ረጅሙ ቅጂ የበለጠ ይዘገንናል። ያኔ የአሜሪካ እስር ቤት የጓንታናሞ ወሬ ገና ትኩስ ነበር። ፊልሙ ማሰቃየት ይሠራል፣ በደቂቃ ውስጥ እውነት ያወጣል እያለ ነው።

አባ_መላ፦
ልጆች፣ ስታወሩ ቁጭ ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ የሴት ልጆች አባት ነኝና ፊልሙን ያየሁት በሌላ ዓይን ነው።

እናንተ የስልኩን ዛቻ በቃላችሁ ትሉታላችሁ። በእኛ አካባቢ ከሊቢያ የተደወለለት አባት አውቃለሁ። በኒ ወሊድ ከሚባለው ቦታ። ልጁ ሲደበደብ ድምፁን ያሰሙታል፤ ከዚያ ብሩ የሚገባበትን ቁጥር ይነግሩታል። ያ አባት «አገኝሃለሁ» አላለም። «ጊዜ ስጡኝ» ነው ያለው። በሬውን ሸጠ፣ መሬቱን አከራየ፣ የልጁን ፎቶ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመ። አክተሩ ገንዘብ የለኝም፣ ችሎታ ግን አለኝ ይላል። የእኛ ሰው ሁለቱም የለውም።

ታዲያ ለምን ወደድኩት? ያ አባት ቤቴ መጥቶ አብረን ብናየው ኖሮ እሱም ይወደው ነበር። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ አንድ አባት የደወሉለትን ሰዎች ሲያስፈራራ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ይሄን ነገር አትናቁት።

የሕግ_ተማሪ፦
ጋሼ፣ አልናቅነውም። የበኒ ወሊዱ ነገር ግን ከፊልሙ የሚበልጥ ታሪክ አለው። ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም የሚባለው፣ እዚያ ስደተኛ በማጎርና በማሰቃየት ስሙ የገነነው፣ በ2020 አዲስ አበባ ላይ እንዴት እንደተያዘ ያውቃሉ? ድሮ በእጁ የነበረ አንድ ሰው መንገድ ላይ አይቶ አወቀውና ለፖሊስ ጠቆመ። ልብ በሉ፣ ኮሎኔል አይደለም፣ ሰላይ አይደለም። ተጎጂው ራሱ ነው። በኋላ ተከሳሹ ፍርድ ቤት በቀረበበት አመለጠ። በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ውስጥ ተያዘ።

ፊልም ሠሪዎች ካላችሁ ይሄን ሥሩ። በ«ቴክን» ዓለም ተጎጂ ትጠበቃለች፣ ትገኛለች፣ ታቅፋ ትወጣለች። እዚህ ግን ጉዳዩን የከፈተው ያመለጠው ሰው ነው።

ደግሞ በቀልን በሌላ መንገድ ማየት ለሚፈልግ የራሳችን «ድፍረት» አለ። በፈረንጆቹ 1996 የሆነ እውነተኛ ጉዳይ ነው። የተጠለፈችው ልጅ በጠላፊዋ ጠመንጃ ተኩሳ ትገድለዋለች። ሌላ ፊልም ቢሆን እዚያ ጋ ያልቅ ነበር፤ ይሄኛው ከዚያ ይጀምራል። ጣቢያ፣ ሽማግሌዎች፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ። ተኩሱ አጭር ነው፣ ክሱ ረጅም ነው። እኔ ሕግ ለመማር የወሰንኩት እሱን ካየሁ በኋላ ነው።

ሰንጋተራ_ሲኒማ፦
«ድፍረት» ሌላ ዓይነት ፊልም ነው፣ ማወዳደር አይቻልም። ቅዳሜ ማታ ከሥራ ደክሜ ገብቼ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ማየት አልፈልግም። የሚመታ ሰው ሲመታ ማየት ነው የምፈልገው።

ፀሐይ_ከቤይሩት፦
እኔም የሚመታ ሰው ማየት እፈልጋለሁ እኮ! ማን እንደሚመታ ነው ጥያቄው። ያን «ማደሪያ አለኝ» ያለውን ሰውዬ አንድ ሰው ቢያሳድደው በነጻ ነው የማየው። ግን አሳዳጇ ያቺው ልጅ ትሁን። ሽጉጥ አያስፈልጋትም። ስሙን ታውቃለች፣ አገሩ የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች፣ እናቱ የት ሰፈር እንዳለች ታውቃለች። ቡና ጠጥታ የሄደችውን ደላላም ቤት ታውቃለች። ሄዳ ቁጭ ትበልና «እኔን ለስንት ነበር የሸጥሽኝ?» ትበላት። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሴት፣ አንድ ጀበና። ይሄ ስንት ያስወጣል ኤዲተሯ?

ኤዲተሯ፦
ክፍሉን ካገኘሽልኝ ከምሳ ሌላ ምንም። ከምሬ ነው፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

ጥቁር_መነጽር፦
ማን ያየዋል ጀበና?

ኤዲተሯ፦
አንተ ታየዋለህ፣ እዚህ ክር ላይ ከገባህ አልወጣህም።

ኪያ_ጅማ፦
ዘግይቼ መጣሁ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይታያሉ?

ሰንጋተራ_ሲኒማ፦
ሁለተኛው ኢስታንቡል ነው። የማርኮ አባት፣ የመጀመሪያው ላይ ለተገደለው ልጁ ደም ሊመልስ ይመጣል። ሐሳቡ አሪፍ ነው፣ ክፉውም አባት ነው፣ እሱም ልጁን ቀብሯል። ከዚያ ግን ምንም አላደረጉበትም። ደም መላሽ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ሰው ያበሳጫል። ሦስተኛውን እለፈው። የሰው ንግዱም የለም፣ ፓሪስም የለም። አንድ አጥር የሚዘልበት ቦታ አለ፣ ስንት ጊዜ እንደተቆረጠ ቁጠርና ንገረን።

ኤዲተሯ፦
ቆጥሬዋለሁ። ለአንድ አጥር ከአስር በላይ ቁራጭ ነው። ምን ያድርጉ፣ ሰውየው ስድሳ አልፎታል።